መሬት የጠጣውን ማን ይጠየቅበታል?



በ2017 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የላይኛው ናይል ግዛት ጦርነት ሲያገረሽ ብዙ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ጋምቤላ ክልል ገቡ። ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዷ በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ የሆነችው ማታር ነበረች። በዚያው ሰሞን ኮሌራ በአካባቢው ተነሥቶ ስለነበር የሰው ሁሉ ወሬ ውኃ ነበር። ውኃው ተፈልቷል ወይ? ክሎሪን ገብቶበታል ወይ? ጀሪካኑ ታጥቧል ወይ? እኔም ለዘገባ ሄጄ የምጽፈው ይህንኑ ነበር።

ማታር ውስጥ ነዳጅ በበርሜል እያስመጡ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ሙስሊም ነጋዴ ቤት አደርኩ። ደግ ሰው ናቸው። ለስደተኛው ውኃ ሲያድሉ፣ ለታመመ ሰው ማጓጓዣ ነዳጅ በነጻ ሲሰጡ አይቻለሁ። ለጀልባ ሞተር፣ ለወፍጮና ለጄኔሬተር የሚሆነውን ቤንዚንና ናፍጣ በጎማ ቱቦ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለብጡ ጥቂት ጥቂት መሬት ላይ ይፈሳል። በርሜሎቹ የቆሙበት አፈር ጠቁሮ እንደ ቅባት ያብለጨልጫል። ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሴቶች ተሰልፈው የሚቀዱበት የእጅ ፓምፕ አለ።

«ሐጂ፣ ይህ ወደ ውኃው አይገባም?» አልኳቸው።

«አይዞህ ልጄ፤ መሬት ይጠጣዋል» አሉኝ።

ቀጥለውም አሳባቸውን አጫወቱኝ። አላህ ካለ በርሜሉን ትተው እንደ ትልቅ ከተማ ማደያ ታንከር መሬት ውስጥ ሊቀብሩ ነው። «እሳት አይደርስበት፣ ሌባ አይደርስበት፣ ዓይንም አያርፍበት» አሉ በደስታ። እኔም ስለ ብረት ዝገት፣ ስለ ባሮ ሜዳ ጎርፍና ስለ ጉድጓድ ውኃ የማውቀውን ጥቂት ነገርኳቸውና ተኛን።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግደን እንደጨረስን ዘወር አሉብኝና፦ «ልጄ፣ ማታ ያልከኝ እንቅልፍ ነሣኝ። ተምረሃልና ንገረኝ። ታንከሩ እኔ ሳላውቅ ቢያፈስ፣ እኔ ከሞትኩም በኋላ ሰው ቢጎዳ፣ አላህ ፊት እጠየቅበታለሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ያልመለስኩት መልስ ነው። ጥያቄው ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጅማ፣ በድሬዳዋ በየቀኑ የምናልፋቸው ማደያዎች ሁሉ ከሥራቸው የተቀበረ ነገር አለ። ብዙዎቹ ከመኖሪያ ቤትና ከመስጂድ አጥር ጎን ናቸው።

መሬት ከጠጣው በኋላ

መሬት በርግጥ ይጠጣል። ግን ዋጥ አድርጎ አያጠፋውም።

ያለ መከላከያ የተቀበረ ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል። ዝገቱ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፍታል፤ አለዚያም ታንከሩ ደህና ሆኖ ሳለ የቧንቧው መጋጠሚያ ይላላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢያፈስ፣ 40 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል ብለን ብናሰላ፣ በቀን ከ2 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ወደ 790 ሊትር ይደርሳል። ይህም ማለት አራት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነዳጅ ማንም ሳያየው ወደ ምድር ሆድ ገባ ማለት ነው።

የፈሰሰው ነዳጅ በአፈሩ ውስጥ ወደ ታች ይሰርጋል። ከፊሉ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ከፊሉ ተንኖ በአፈሩ ቀዳዳዎች በኩል ይወጣል፤ አንዳንዴም በቤት ወለል ሥር ይጠራቀማል። የተረፈው ከርሰ ምድር ውኃው ጋ ሲደርስ ከውኃ ይቀላልና ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከውስጡ በውኃ የሚሟሟው ክፍል ግን ከውኃው ጋር ይጓዛል። ከሁሉ የሚከፋው ቤንዘን የሚባለው ኬሚካል ነው፤ ስሙ ከቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም በቤንዚን ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ አንድ እጁ ቤንዘን ቢሆን፣ ያ ቤንዘን ብቻ በስሌት ከ800 ሺህ ሊትር በላይ ውኃን እስከዚህ ወሰን ያደርሳል።

የማታር መሬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የባሮ ሜዳ በክረምት ጎርፍ ይተኛበታል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስከሚያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር የተቀበረ ቧንቧን ይጎትታል። ግማሽ የሆነ ታንከርም በዙሪያው ውኃ ሲሞላ በደንብ ካልታሰረ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋል። አዲስ አበባ ደግሞ የተቀመጠችው የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው፤ በዐለቱ ስንጥቅ የገባ ነገር በየት በኩል እንደሚወጣ ለመገመት ያስቸግራል። የከተማዋ ውኃ አንድ ትልቅ ክፍል የሚመጣው ደግሞ በአቃቂ በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው።

ለኮሌራ ክሎሪን አለ፤ ማፍላት አለ። ነዳጅ የገባበትን ጉድጓድ ግን ክሎሪን አያድነውም። ውኃውን ዓመታት እየሳቡ ማጣራት፣ አፈሩን ቆፍሮ ማውጣት፣ አለዚያም ጉድጓዱን መተው ነው።

«አላህ ስህተትን ይቅር ብሏል» ለሚሉ

ጥያቄውን ለአንዳንድ ወንድሞች ባቀርብ ፈጥነው የሰጡኝ መልስ ይህ ነበር፦ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ለኡመታቸው በስህተት፣ በመርሳትና በመገደድ የተደረገውን እንዳለፈላቸው ነግረውናል፤ እንግዲህ ያላወቀ ሰው ምን አለበት?

ሐዲሡ ሐቅ ነው፤ የአላህ እዝነትም ሰፊ ነው። ነገር ግን ፉቀሃዎቻችን ሁለት ነገሮችን ለይተዋል፤ አንዱ ኃጢአት ነው፣ ሌላው ዶማን ማለትም ያጠፉትን የመተካት ግዴታ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲገላበጥ የሰው ዕቃ ቢሰብር ኃጢአት የለበትም፤ ዕቃውን ግን ይከፍላል። ሳያስብ ሰው የገደለ እንኳ ደም ካሳና ከፋራ እንዳለበት ሱረቱን ኒሳእ (4፡92) ይነግረናል። እንግዲህ «አላወቅኩም» የሚለው ቃል የአኺራውን በር ቢከፍት እንኳ የጎረቤትን ሐቅ አይዘጋም።

የታንከር ጉዳይ በቀጥታ ከማጥፋት ይልቅ በሰበብ ማጥፋት ነው የሚል አለ፤ ልክ ነው። የፊቅህ መርሁ፣ በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ባያስበውም ይተካል፤ ሰበብ የሆነ ሰው ግን የሚተካው ወሰን ያለፈ እንደሆነ ነው የሚል ነው። የቀደሙት ሊቃውንት ለዚህ የሚያነሡት ምሳሌ የሚደንቅ ነው፤ የሚናገሩት ስለ ጉድጓድ ነው። ሰው በገዛ መሬቱ በአግባቡ ቢቆፍርና ሌላው ሳይፈቀድለት ገብቶ ቢወድቅበት ቆፋሪው አይጠየቅም። በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ሰው ቢወድቅበት ግን ይጠየቃል። እንግዲህ ጥያቄው «ልብህ ምን አሰበ?» ከሚለው ተነሥቶ «ማድረግ የሚገባህን አድርገሃል ወይ?» ወደሚለው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው የማታሩ ሐጂ ጥያቄ ጥልቅ የሚሆነው። አለማወቅ አንድ ዓይነት አይደለም። ማወቅ የማይችል ሰው አለ፤ ማወቅ የሚችል ግን ያልጠየቀ ሰው አለ፤ ደግሞም ቢጠይቅ የሚሰማውን ስለፈራ ያልጠየቀ ሰው አለ። ሦስተኛው አላዋቂ መስሎን እንዳንስት፤ እርሱ አለማወቅን የመረጠ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱን ነሕል (16፡43) የማናውቀውን አዋቂዎቹን እንድንጠይቅ አዞናል። መጠየቅ ትእዛዝ ከሆነ፣ አለመጠየቅ እንዴት ማምለጫ ይሆናል?

«ትነት» የሚባል መዝገብ

ይህ ነገር በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። በማደያ ሥራ የቆየ አንድ ወዳጄ የነገረኝን ላካፍላችሁ። የማደያ ሠራተኛ በየቀኑ ረጅም የመለኪያ ዘንግ ወደ ታንከሩ ያስገባል። በዘንጉ ላይ የሚታየው ከፍታ ምን ያህል ሊትር እንደቀረ ይናገራል። ቦቴ ያራገፈው ሲደመር፣ በፓምፑ የተሸጠው ሲቀነስ፣ ከዘንጉ ጋር መግጠም አለበት። ሳይገጥም ሲቀር ጉድለቱ መዝገብ ላይ «ትነት» ተብሎ ይጻፋል። በርግጥ ቤንዚን ይተናል፤ ሙቀት ሲለዋወጥም ነዳጅ ይሰፋል ይጠባል። ነገር ግን ጉድለቱ በየወሩ ባንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ናፍጣ እንኳ «ሲተን»፣ ወዳጄ የነበረበት ቦታ ማንም ብዕሩን አቁሞ አልጠየቀም።

ወገኖቼ፣ ያ ዘንግ ሚዛን ነው። በሱረቱል ሙጠፊፊን ወዮላቸው የተባሉት ለራሳቸው ሲሰፍሩ የሚያሟሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። ለደንበኛው አንድ ሊትር ያላጎደለ ነጋዴ ራሱን ከእነዚህ አይቆጥር ይሆናል። ነገር ግን የገባው ነዳጅ ሲጎድል ለገንዘቡ ሲል አጥብቆ የሚቆጥር፣ ወደ ሰው ጉድጓድ የገባ ሊሆን ሲችል ደግሞ «ትነት» ብሎ የሚያልፍ ሰው በሁለት ሚዛን አልሰፈረምን? ቁጥሩ ነግሮታል። ያልሰማው ስላልፈለገ ነው።

ስለዚህ ምርመራ ራሱ አማና ነው እላለሁ። ነገሩም የማይቻል አይደለም። የመጀመሪያው ደረጃ ዘንጉንና መዝገቡን በሐቅ ማገናዘብ ነው። ሁለተኛው ታንከሩና ቧንቧው እንደማያፈስ በግፊት መፈተን ነው። ጥርጣሬ ካለ በዙሪያው ቀዳዳ ተቆፍሮ ከተለያየ ጥልቀት አፈር ይወሰዳል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ተን ይለካል። ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ተቆፍረው የውኃው ከፍታ ሲነጻጸር፣ ከርሰ ምድር ውኃው ወደየት እንደሚፈስ ይታወቃል። ያኔ የትኛው ጎረቤት ከታች እንዳለ፣ የማን ጉድጓድ ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ይታያል። የተወሰደው ናሙና በቤተ ሙከራ ይለካል። «ዓይን አያርፍበት» የተባለው ቦታ ላይ ዓይን ማሳረፍ ማለት ይህ ነው።

አፍንጫችን ዳኛ ሊሆን ይችላልን?

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ማለፍ አይገባኝም። «ዲናችን ገር ነው። ብዙ ውኃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ ንጹሕ ነው ብለው ዑለማዎች ደንግገዋል። አሁን ደግሞ በዓይን የማይታይ ነገር አምጥታችሁ ሕዝቡን ወስዋስ ውስጥ ልትከቱት ነውን?» ይላል።

የጠሃራው ሕግ በቦታው ይጸናል፤ እኔም ልለውጠው አልነሣም። ሰው ያልተለወጠ ውኃ አግኝቶ ውዱእ ቢያደርግ ሶላቱን እንዲጠራጠር የሚያደርገው ምክንያት የለም። ነገር ግን «ለውዱእ ይሆናል» የሚለውና «ለልጅህ ማጠጣት ይገባሃል» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። መርዝ ሁሉ ነጃሳ አይደለም፤ ነጃሳ ስላልሆነም መርዝ አይጠጣም። ቤንዘን በውኃ ውስጥ በምላስ መታወቅ የሚጀምረው በሊትር ከግማሽ ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ይህ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ «ዛሬ ውኃው ነዳጅ ነዳጅ አለኝ» ባለች ቀን፣ ምናልባት ልጆቿ ለብዙ ጊዜ ሲጠጡት ኖረዋል።

ደግሞም ፊቅሃችን የጉድጓድን ነገር በአፍንጫ ብቻ አልተወውም። ለጉድጓድ ሐሪም አለው፤ በዙሪያው ሌላ ሰው የማይነካው ወሰን ማለት ነው። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ ጉድጓድ ለቆፈረ ሰው 40 ክንድ ዙሪያ ተሰጥቶታል። የዑስማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በሐነፊ መዝሀብ መሠረት ያወጣው «መጀለቱል አሕካም» ደግሞ በ1212ኛው አንቀጽ ልክ የእኛን ጉዳይ የሚመስል ነገር ያነሣል። ሰው በጎረቤቱ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የቆሻሻ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃውን ቢያበላሽ ጉዳቱን እንዲያስወግድ ይገደዳል፤ ማስወገድ ካልተቻለም የቆሻሻ ጉድጓዱ ይደፈናል። ይህ ሕግ ሲወጣ ቤንዚን ማደያ የሚባል ነገር አልነበረም። መርሁ ግን ነበረ፤ ጉዳት ማድረስም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም። በቆሻሻ ጉድጓዱ ፈንታ ታንከሩን አስገብታችሁ አንብቡት።

በሌላው ዓለም የታየው

ይህ ሁሉ ያገራችን ብቻ ችግር እንዳይመስለን። አሜሪካ ከእኛ ቀድማ ብዙ ታንከር ቀበረች፤ ከእኛም ቀድማ ዋጋውን ከፈለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮች ሕግ አወጣች፤ በ1988 ዝርዝር ደንብ ተከተለ፤ ባለ ታንከሮች አሮጌውን እንዲያሻሽሉ ወይም እንዲያወጡ እስከ ዲሴምበር 1998 ጊዜ ሰጠች። ከ1984 ወዲህ መፍሰሳቸው የተረጋገጠው ከ560 ሺህ በላይ ናቸው። ይህ ቁጥር የተገኘው ስለተፈለገ ነው። ባልተፈለገበት አገር ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮው ግን የንጽሕና ምስክር አይደለም።

ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የሃዋይ ታሪክ ያሳያል። ሬድ ሂል በተባለ ስፍራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተራራ ውስጥ 20 ግዙፍ ታንከሮችን ሠርቶ ነበር። ከሥራቸው 30 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሕዝብ የመጠጥ ውኃ አለ። በ2014 አንዱ ታንከር አፍስሶ ነበር፤ ብዙ ተነገረ፣ ብዙ ተጻፈ። በኖቬምበር 2021 የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ውኃው ገብቶ 93 ሺህ ያህል ሰው በሚጠቀምበት መስመር ውስጥ ደረሰ። ቤተሰቦች ከቧንቧቸው ነዳጅ ሸተተን እያሉ ሲጮኹ በመጀመሪያ የተነገራቸው ውኃው ደህና አይደለም የሚያሰኝ ምልክት የለም የሚል ነበር። በመጨረሻ በማርች 2022 ማከማቻው እንዲዘጋ ታዘዘ። ሀብትም፣ ሳይንስም፣ ቤተ ሙከራም በሞላበት አገር የጎደለው አማና ነበር።

በጎረቤታችን በኬንያም በ2015 ማኩዌኒ ውስጥ ታንጌ በተባለ አካባቢ፣ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ከተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ ያፈሰሰው ነዳጅ ገበሬዎች የሚኖሩበትን ወንዝ አበላሽቷል። ሰዎቹ ሐቃቸውን ፍለጋ ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጅ ቆዩ። ነዳጁ በአንድ ወቅት ፈሰሰ፤ ጉዳቱ ግን ትውልድ ይቆጥራል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሕጉ አገራችንም ውስጥ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደነገገ፤ ጉዳቱ በቀጥታ ያልደረሰበት ሰው እንኳ አቤት የማለት መብት ሰጠ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሒስባ ብለን የምናውቀው፣ ሙሕተሲቡ ገበያ ወጥቶ ሚዛንንና ውኃ ሻጭን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ከዚሁ መንፈስ ነው፤ ክፉውን ለመከልከል የግድ ተበዳይ መሆን አያስፈልግም።

«ድሃ አገር ነን፤ ይህ ሁሉ ወጪ ማደያውን ይዘጋል» የሚል ይኖራል። ነጋዴውን ማሰቃየት አሳቤ አይደለም። ነዳጅ ኒዕማ ነው፤ የማታሩ ሐጂ ነዳጅ ባይኖር የታመመው ሰው ሐኪም ዘንድ አይደርስም ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች የሚጋሯቸውን ሦስት ነገሮች ሲቆጥሩ ውኃን፣ ግጦሽንና እሳትን ነው የጠሩት። ነዳጅ የዘመናችን እሳት ነው። እሳቱን ለመጋራት ውኃውን ማጣት ግን ከሦስቱ አንዱን ማፍረስ ነው። ዋጋው ደግሞ አይጠፋም፤ ባለ ታንከሩ ካልከፈለው ጉድጓድ የምትቀዳው ሴት በጤናዋ ትከፍለዋለች። ያወጣነው ወጪ የቀነስነው መስሎን የሰው ትከሻ ላይ አዛወርነው እንጂ ሌላ ምን አደረግን?

ስለዚህ በየደረጃችን የሚቻለን አለ። ማደያ ያላችሁ ወንድሞች፣ ነገ ዘንጉንና መዝገቡን ራሳችሁ አገናዝቡ፤ «ትነት» የሚለውን መስመር ለሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አትተዉት። አዲስ የምትቀብሩ ሁለት ግድግዳ ያለውን ወይም ከዝገት የተጠበቀውን ምረጡ፤ ከመቅበራችሁ በፊት በዙሪያችሁ የማን የውኃ ጉድጓድ እንዳለ ጠይቁ። የቀድሞ ማደያ የነበረ መሬት የምትገዙም ከሥሩ ምን እንደቀረ ሳታውቁ መሠረት አትጣሉ። የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ ለውዱእ ብላችሁ ያስቆፈራችሁትን ጉድጓድ ሰፈሩም ይጠጣዋልና በአጠገቡ ማደያ ወይም ጋራዥ ካለ ለጀርም ብቻ ሳይሆን ለነዳጅም አስመርምሩ። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ወቅፍ ማቆም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ዱዓቶቻችንም በኹጥባ ላይ ስለ ጎረቤት ሐቅ ሲያስተምሩ፣ ጎረቤት ማለት ከመሬት በታችም የሚገናኘን ሰው መሆኑን ይንገሩን። እኛ ጋዜጠኞችም ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሮጥ ልማድ ሆኖብናል፤ በኔ ላይም አለበት።

የሚፈስ ምንዳ፣ የሚፈስ ጉዳት

ዑስማን (ረ.ዐ.) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ነጻ ማድረጋቸውን ልጆቻችንም ያውቁታል። ዛሬም ብዙዎቻችን በሟች ወላጆቻችን ስም በሩቅ ገጠር ጉድጓድ እናስቆፍራለን፤ ሰደቃ ጃሪያ፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም የሚፈስ ምንዳ ብለን። ይህ ካመንንበት ተገላቢጦሹንም ማመን አለብን። ሰው ሞቶ የሚቀጥል መልካም ሥራ ካለ፣ ሰው ሞቶ የሚቀጥል ጉዳትም አለ። ባለቤቱ ተቀብሮ፣ ከእርሱ ቀድሞ የቀበረው ታንከር ግን በሰከንድ አንድ ጠብታ እያለ የሚቀጥል ጉዳት። ሁለቱም መሬት ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ይፈሳሉ። የአንዱ ምንዳ ለባለቤቱ ይጻፋል፤ ሌላው ለማን ሊጻፍ ነው?

በሱረቱል ሙልክ መጨረሻ (67፡30) አላህ (ሱ.ወ.) ውኃችን ወደ ምድር ቢሰርግ ፈልቆ የሚወርድ ውኃ ማን እንደሚያመጣልን ይጠይቀናል። አንቀጹን ስናነብ የምናስበው ስለ ድርቅ ነው። ውኃው በቦታው እያለ የማይጠጣ ቢሆንስ? ያም ከእኛ መወሰድ አይደለምን?

እንግዲህ ለማታሩ ሐጂ መልሴ ይህ ነው። ሐጂ፣ የሚችሉትን ሁሉ ጠይቀው፣ መርምረው፣ ጠብቀው ከዚያ በኋላ ከእውቀትዎ በላይ የሆነ ነገር ቢፈጠር፣ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም፤ እዝነቱን ተስፋ ያድርጉ። የጎረቤት ሐቅ ግን ያኔም በመተካት ይወጣል። ሳይጠይቁ ቀብረው፣ ዘንጉ እየነገረዎ «መሬት ይጠጣዋል» ብለው ካለፉ ግን፣ አለማወቅዎ ምስክርዎ አይሆንም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣዎት ጥያቄ የአላህ ስጦታ ነው። ታንከሩ ገና አልተቀበረም። ከመቅበርዎ በፊት ጠይቀዋል። ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ከቀበርን በኋላ ነው፤ አንዳንዶቻችንም ከተቀበርን በኋላ።

አላህ ውኃችንን ይጠብቅልን፤ አማናችንን የምንወጣበትን ብርታትም ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም፤ ወቢላሂ ተውፊቅ።